አሥራ አራት ገጽ ምስጋና

ፅዮን ሆላንድ ዘጠኝ ዓመት ቆይታ፣ የመጽሐፍ ንድፍ ተምራ ስትመለስ ቢሮ የተከራየችው ቀራንዮ፣ ከእትዬ ሙሉወርቅ ወፍጮ ቤት በላይ ነው። ለምን እዚያ እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ የምትሰጠው መልስ ይለያያል። አንዱን ጸጥታው ስቦኝ ነው ትለዋለች፤ ወፍጮው ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ ነው የሚውለው። ሌላውን ብርሃኑ ነው ትለዋለች፤ መስኮቱ ግን በበርበሬና በሽሮ ብናኝ ተሸፍኖ ፀሐይን እንኳ ቀይ አድርጎ ነው የሚያሳያት። እውነቱን ለመናገር ራሷም አታውቀውም። በደንብ የምታውቀው ነገር ቢኖር መጽሐፍ ነው። በዚህ አገር አብዛኛው ደራሲ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አሳትሞ፣ ራሱ ይሸጣል፤ መሐል ላይ ወረቀቱን፣ ፊደሉንና ሽፋኑን የሚያማክረው ሰው ግን የለውም። እሷ ያ ሰው ልትሆን ነው የመጣችው።

በሩ ላይ «የመጽሐፍ ንድፍና ለደራስያን ምክር» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። በሁለት ወር ውስጥ የሰሌዳውን ፊደል ሦስት ጊዜ ቀየረችው።

«ይቺ ልጅ ሥራዋ ሰሌዳ መስቀል ነው?» አሉ እትዬ ሙሉወርቅ፣ ዱቄት የጠጣ ሻሻቸውን እያራገፉ። «እኔ ሃያ ዓመት ሰሌዳ የለኝም፤ ሰው ግን እህሉን ይዞ ይመጣል።»

የመጀመሪያው እውነተኛ ደንበኛዋ ጋሽ ኃይለመስቀል ነበሩ። ቀራንዮ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የገባ ተከራይ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት በጠዋት ተነስተው፣ በየቅያሱ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ድንኳን የሚተከልበትን ቤት ይለፍፋሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቤት ዘለው አያውቁም። ይህን እሳቸው አይናገሩትም፤ ሰፈሩ ነው የሚናገርላቸው። አምና ዕድሩ ቴሌግራም ሲከፍት ጥሩምባዋ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች፤ ጋሽ ኃይለመስቀልም እጃቸውን አጣጥፈው ከሚቀመጡ ብለው ያዩትን ጻፉ። ነፋስ ድንኳኑን ከነካስማው ነቅሎ ለቀስተኛውን ፀሐይ ላይ ያስቀረበትን ቀን፣ ሞተ ተብሎ ከተለፈፈለት በኋላ በማግስቱ ከጅማ አውቶቡስ ላይ የወረደውን ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ጫማ የተቀያየሩትንና ዛሬም ያልተመላለሱትን ሁለት ጎረቤታሞች። ፅዮን ረቂቁን በአንድ ቅዳሜ ጨረሰችው። ሦስት ቦታ ላይ ብቻዋን ሳቀች፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተነስታ መስኮቱን ያለ ምክንያት ጠረገችው።

ስለ ሽፋኑ ብዙ አልተጨቃጨቁም።

«ፎቶዬ ከፊት ይሁን» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

«ጋሼ፣ ከፊት ጥሩምባዋ ብቻዋን ብትሆን ይሻላል። እርስዎ ከኋላ ይሆናሉ።»

«ከኔ እሷ በለጠች ማለት ነው።»

«ለዓይን አዎ።»

«ድሮም እሷ ናት የምትሰማው» ብለው ሳቁና ተስማሙ።

ነገር የመጣው የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነው። ፅዮን ኮምፒዩተሩን ወደሳቸው አዞረችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምስጋና ነው።»

«አሥራ አራት ገጽ?»

«አጣብቤ ነው» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ እንደ ማፈር እያሉ።

ከአራት መቶ በላይ ስም ነበር። ከዋናው መንገድ ተነስቶ ከበር ወደ በር ይሄዳል፤ ልክ ጥሩምባ እየነፉ በሚዞሩበት ቅደም ተከተል። ፅዮን የመጀመሪያውን ገጽ እስከ ግማሽ ድረስ አየችና ተወችው።

«እነዚህ ሰዎች ሁሉ መጽሐፉን ሲጽፉ አግዘውዎታል?»

«የለም። እዚህ የኖሩ ሰዎች ናቸው።»

«ጋሼ፣ አንባቢ ዝርዝር አያነብም። ይዘለዋል። የመጽሐፉን መጨረሻ ያከብድብናል። በአንድ አንቀጽ ‹ለሰፈሬ ሰዎች ሁሉ› ብለን ብናመሰግን ያምራል።»

«ሰዎቹ ግን...»

«ሁሉም እኮ ገቡ። ሁሉ ማለት ሁሉ ነው።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ውስጡን አዩት፣ መልሰው አጠለቁት። ፅዮን ዘጠኝ ዓመት ርቃ ባትኖር ኖሮ፣ ሽማግሌ ባርኔጣውን ሲያይ መልሱ እሺ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «እንዳልሽ ይሁን።»

እሳቸው ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ፣ ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው በአንድ ላይ መርጣ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። አራት መቶ ሰው ያለ ለቅሶ ጠፋ።

ከሳምንት በኋላ ከማተሚያ ቤቱ ኢብራር የሚባለው ሠራተኛ ደወለላት። «እህቴ፣ ሥራሽ ላይ ስህተት አለ። መጨረሻው ባዶ ነው።»

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤት የሚያትመው ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍና ሲቆረጥ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። መጽሐፉ ከነምስጋናው ልክክ ብሎ ሞልቶ ነበር፤ አሁን በአሥራ አራቱ ፋንታ አንድ ገጽ ብቻ ሲገባ አሥራ ሦስቱ ነጭ ሆነው ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ግጥም ይወትፍበት ነበር። ፅዮን ግን ነጭ ገጽ ትወዳለች።

«ስህተት አይደለም፤ መተንፈሻ ነው» አለችው።

«ማን ነው የሚተነፍሰው?»

«አንባቢው።»

«እሺ» አለ ኢብራር፣ «ይተንፍስ።»

ምረቃው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ አዳራሽ ሆነ። የታተመው አምስት መቶ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ፤ ጥሩምባዋ ተወልውላ ከክምሩ አጠገብ ለጌጥ ተቀመጠች። ጋሽ ኃይለመስቀል ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባታቸው አንገታቸውን ይዟቸው፣ በር ላይ ቆመው ሰው ይቀበላሉ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፅዮን ልቧ ሞቀ። መጽሐፍ የሚወድ ሰፈር ነው ብላ አሰበች።

የዕድሩ ዳኛ አቶ በዛብህ ንግግራቸውን ሳይጀምሩ እትዬ ሙሉወርቅ አንድ መጽሐፍ አነሱ። ሽፋኑን አላዩም። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ከመጨረሻው ገለጡት። ነጭ። ሌላ ገለጡ። ነጭ። አሥራ ሦስቱንም ገለጡና ወደ ፅዮን መጡ።

«ልጄ፣ የኔ መጽሐፍ ሳይታተም ነው የመጣው። ቀይሪልኝ።»

ሌላም አነሳ፤ ሌላም ከኋላ ገለጠ። ፅዮን በዙሪያዋ ስታይ አንድም ሰው መጽሐፉን ከፊት የከፈተ የለም። ያን ጊዜ ነው ያልነገሯትን ነገር የሰማችው። ጋሽ ኃይለመስቀል ክረምቱን ሙሉ ደብተር ይዘው፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ «ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ፤ መጽሐፌ ላይ ልታርፊ ነው» ሲሉ ከርመዋል።

«ታዲያ ስማችንን ጽፎ የወሰደው ለምን ነበር?» አለ አንዱ ከወደ ኋላ።

«ለወረዳ ሰጥቶት ይሆናል» አለ ሌላው።

በቀራንዮ የተቀየመ ሰው አይጮህም፤ የያዘውን ዕቃ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። መጽሐፎቹ አንድ በአንድ፣ በጨዋ ደንብ፣ ጠረጴዛው ላይ ተመለሱ። ጋሽ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ያዩ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ቤት ሳይዘሉ የኖሩ ሰው፣ በአንድ እሑድ ሰፈሩን በሙሉ ዘለሉት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጅ የማይሰማ ሆኖ።

ፅዮን ማንም ሳያያት መውጣት ትችል ነበር። በሩም ቅርብ ነው። ግን ባርኔጣውን አየችና እግሯ እምቢ አላት።

«የሳቸው አይደለም» አለች። «ስማችሁ ነበር። አሥራ አራት ገጽ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አሉ አቶ በዛብህ።

«ማንም አያነበውም ብዬ።»

እትዬ ሙሉወርቅ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ታዲያ እኛ ሌላ ምን ልናነብ መጣን?» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁለት። ፅዮን ግን አልሳቀችም፤ በእጇ ያለውን መጽሐፍ ገልጣ ነጩን ገጽ እያየች ነበር። መተንፈሻ ብላው ነበር። አሁን ስታየው ያፈጠጠባት መሰላት።

«ጋሼ» አለች፣ «ዝርዝሩን በቃልዎ ያውቁታል?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የዞርኩትን መንገድ?»

«እንግዲያው ይጥሩት። እኛ እንጽፋለን። ቦታው አለ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። «ያለ እሷ አይመጣልኝም» አሉና ወደ ጥሩምባዋ እጃቸውን ዘረጉ።

አንዴ ነፉ። ዓመት ሙሉ ያልተነፋ ጥሩምባ ነውና የአዳራሹን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ያንን ድምፅ ቀራንዮ አልረሳውም ነበር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን ይዛ እየሮጠች ገባች። «ማን ነው? ኧረ ንገሩኝ፣ ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም» አሉ አቶ በዛብህ። «እስክሪብቶ ይዘሻል?»

ከማዶ ያለው ሱቅ እስክሪብቶው በሩብ ሰዓት አለቀ። ማርከር የያዘ ነበር፤ የልጁን ባለ ቀለም እርሳስ ይዞ የመጣም ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ተማሪ አጎንብሶ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ጋሽ ኃይለመስቀል ክራባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና መንገዳቸውን ጀመሩ።

«ከዋናው መንገድ፣ አረንጓዴው በር፤ መኳንንት ወልዴ፣ ባለቤቱ ማኑሄ። ቀጥሎ ቧንቧው ያለበት ግቢ፤ ወዬሳ...»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፤ እኔ ገና አረንጓዴው በር ላይ ነኝ» አለ አንዱ።

አቶ በዛብህ በወንበሮቹ መሐል እንደ ፈተና ጠባቂ ይመላለሱ ነበር። አንዱ ጎልማሳ ትከሻ ላይ ቆም አሉ። «ጎረቤትህን ባጫን ዘለልከው።»

«ረሳሁት ጋሽ በዛብህ።»

«የተጣላችሁበትን አጥር ግን አልረሳኸውም። ጻፈው።»

ሰውዬው ጻፈው፤ ትንሽ አድርጎ።

አንዳንዱ ስም ሲጠራ አዳራሹ ዝም ይላል። የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ኃይለመስቀል የሞተውን ከቆመው አልለዩትም፤ በየበሩ ላይ እንደነበረ ይጠሩታል፤ ሰውም ቀና ሳይል ይጽፋል። ፅዮንም ትጽፍ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በኮምፒዩተር ፊደል ስታሳምር የኖረች እጅ ብዕር ሲሰጧት እንደ አንደኛ ክፍል ሆነባት፤ መስመሯ እየወረደ እየወረደ ከገጹ ጥግ ሊወድቅ ደረሰ። መቶ ሃያ ሰው መቶ ሃያ ዓይነት ጽሕፈት ይጽፋል፤ ሁለት የሚመሳሰል መጽሐፍ የለም። መምህሮቿ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አሰበች፤ ከዚያ ስም እንዳያመልጣት ማሰቡን ተወችው።

መንገዱ ወደ ማለቂያው ደረሰ።

«ወፍጮ ቤቱ፤ ሙሉወርቅ ገብሬ።»

እትዬ ሙሉወርቅ የራሳቸውን ስም ከሌላው ሁሉ አተልቀው፣ ምላሳቸውን ወጣ አድርገው ጻፉት።

«ከወፍጮ ቤቱ በላይ፤ ፅዮን።»

የፅዮን እጅ ቆመ። «ጋሼ፣ እኔን አሁን አይጨምሩኝ። ለይሉኝታ ከሆነ...»

«ምን አሁን? አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች ሦስተኛዋ አንቺ ነበርሽ።» ጥሩምባዋን ዝቅ አድርገው አዩአት። «ስታጠፊው አላነበብሽውም?»

«አንባቢ ዝርዝር አያነብም» አሉ እትዬ ሙሉወርቅ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፤ ለካ ይህቺም ቃል ደረጃውን ወርዳ ወፍጮ ቤት ደርሳ ኖሯል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፅዮንም ፊቷ እየጋለ ሳቀች፤ ዓይኗን ግን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ የበርበሬ ብናኝ እንዳትል ወፍጮው እሑድ ዝግ ነው።

አቶ በዛብህ አጠገቧ ደረሱ። «ስምሽ ከተጠራ እንግዲህ አባል ነሽ። በሚቀጥለው ወር የዕድሩ ሳህን እጥበት ተራ የእናንተ መደዳ ነው።»

«አቶ በዛብህ፣ እኔ እኮ እዚህ መቆየቴን ገና አልወሰንኩም።»

«ችግር የለም» አሉ አቶ በዛብህ። «እስክትወስኚ ታጥቢያለሽ።»

ከጠረጴዛው ላይ ያለው ክምር ጎድሎ ነበር። የጻፈ ሰው መጽሐፉን የሚመልስበት ፊት የለውማ። ፅዮን ስሟን ጻፈች። ጠማማ ወጣ፤ ከእትዬ ሙሉወርቅ ስም ጋር ተጠግቶ፣ ከመስመር ወርዶ። እጇ ሊያቃናው ቃጣ። ግን ጋሽ ኃይለመስቀል ወደሚቀጥለው በር አልፈው ነበርና፣ እንዳያመልጣት ቸኩላ ጆሮዋን ሰጠች።