ባሕር ከሌለበት አገር የመጣችው

መጀመሪያ የተንቀጫቀጩት ብርጭቆዎቹ ነበሩ። ቀጥሎ ወለሉ ከሥሯ ሸርተት ያለ ሲመስላት ዳንማያ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ ጥላ የአራት ዓመት ልጇን አስሚን አፈፍ አደረገቻት።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ሥር ግቡ ተብለው ነበር። ወደዚህ የጃፓን የጠረፍ መንደር ከመጡ አምስት ወራቸው ነው፤ መጀመሪያ የተነገራቸውም ይኸው ነበር። የዳንማያ እግር የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። ኔፓል ውስጥ፣ ጎርካ፣ መሬት በተንቀጠቀጠበት በዚያ ቅዳሜ ቀትር ላይ የድንጋይ ቤታቸው እናቷ ላይ ሲናድ እሷ የተረፈችው ሜዳ ላይ ስለነበረች ነው። ስለዚህ አሁንም ከፎቁ በባዶ እግሯ እየበረረች ወረደች።

ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ባሕሩን ከሚከላከለው ግንብ ሥር፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ። ቢናድ መሐሉ ድረስ የሚደርስ ነገር የለም። መሐሉ ላይ ቁጭ አለችና ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

"አበቃ የኔ እናት፣ አበቃ። ሜዳ ላይ ነን።"

መሬቱ ጸጥ አለ። ወዲያው ግን ማቆሚያው ዳር ባለ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ መጮህ ጀመረ። አንድ ሰው አንዱን ነገር ደጋግሞ ይናገራል። ዳንማያ የምታውቀው ጃፓንኛ "ስንት ነው" እና "ይቅርታ" ነው፤ ይህኛው የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ አንዱም አልገባትም። ወደ ባሏ ወደ ቢርኻ ደወለች። ቢርኻ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች ከተማ የምግብ ቤት አብሳይ ነው። ስልኩ አልሠራም። እንደገና ሞከረች። አልሠራም።

ያኔ ነው ኩሮኪ ሳን፣ ማለትም ወይዘሮ ኩሮኪ፣ እያነከሱ ብቅ ያሉት።

ኩሮኪ ሳን ከእነሱ በታች ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ዳንማያ በመንደሩ ውስጥ እንደ እሳቸው የምትፈራው ሰው የለም። ቆሻሻውን በየዓይነቱ ሳትለይ ባወጣች ቁጥር ከረጢቱን መልሰው በሯ ላይ አስቀምጠውት ነበር፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ሳላቸውን ከሰማች ከቤት አትወጣም። አሁን የብረት ቆብ ደፍተው በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣሉ።

"እዚህ ተጎልተሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ይቅርታ" አለች ዳንማያ ጎንበስ ብላ። ምን እንዳጠፋች አላወቀችም። "ይቅርታ፣ ይቅርታ።"

"ይቅርታሽን ተዪውና ተነሺ! ሱናሚ! ሱናሚ ነው የምልሽ!"

ይህችን ቃል ግን ታውቃታለች። ቀና ብላ ከፊቷ ያለውን ግንብ አየች። ባሕር በሌለበት አገር ነው ያደገችው፤ በእሷ ቤት ጥፋት የሚመጣው ከላይ ነው፣ ከጣሪያ፣ ከተራራ። ውሃ ተነሥቶ ሰው ፍለጋ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። አሮጊቷ ክንዷን ይዘው ጎተቷት።

ከመንደሩ ጀርባ ወደ መቅደሱ ኮረብታ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ጎረቤቶቹ ቀድመው ወጥተዋል። ጥቂት ደረጃ እንደወጡ ኩሮኪ ሳን ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ቆባቸውን አውልቀው አስሚ ራስ ላይ ደፉት።

"ሂዱ። እኔ እደርሳለሁ" አሉ በእጃቸው ወደ ላይ እያመለከቱ።

"እርስዎስ?" አለች ዳንማያ በአገሯ ቋንቋ።

"ሂጂ አልኩሽ!"

ሄደች። እውነቱ ይህ ነው፤ ልጇን ታቅፋ፣ ወደ ኋላም ሳታይ፣ እስከ ደረጃው ማረፊያ ድረስ ሮጠች። እዚያ፣ አንድ የእንጨት ምሰሶ አጠገብ፣ ትንፋሽ አጠራትና ቆመች። አሮጊቷ እዚያው ናቸው። አይጣሩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ባሕሩ ያያሉ።

"አስሚ፣ ይህን ምሰሶ እቀፊ። እስክመጣ እንዳትለቂው።"

"እማ፣ አትሂጂ!"

"እንዳትለቂው!"

የልጅቷ ለቅሶ እየተከተላት ወረደች። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች። በልጅነቷ ሣርና እንጨት ግንባሯ ላይ በሚያርፍ ጠፍር በጀርባዋ ተሸክማ አቀበት ስትወጣ ኖራለች። የሻርፑን ሁለት ጫፍ ቋጠረች፣ ከአሮጊቷ መቀመጫ ሥር አሳልፋ ግንባሯ ላይ አጠለቀችው።

"ምን ልታደርጊ ነው? እኔ ዕቃ ነኝ?"

ዳንማያ የምትለውን በጃፓንኛ አታውቀውም። ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ በአገሯ ቋንቋ ጮኸች፦ "ይያዙኝ፣ እናቴ! ዝም ብለው ይያዙኝ!"

ኩሮኪ ሳን አንገቷን አቀፉ። ጭኗ እየተንቀጠቀጠ ወጣች። አስሚ ምሰሶውን እንዳቀፈች ነበረች፤ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቀሪውን ደረጃ እስከ መቅደሱ አብራ ወጣች።

ውሃው የመጣው በጸጥታ ነው። በመንደሩ ዳር ባለው ወንዝ አፍ ገባ፣ ግንቡን በጎን ዞረና የመኪና ማቆሚያውን ሞላው። ጥቁር ነበር። መኪኖቹን ከቦታቸው አንስቶ እርስ በርስ አላተማቸው። ዳንማያ የተቀመጠችበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች፣ አጣችውም።

ስልኩ በመጨረሻ ሠራ። "ልጅቷስ?" አለ ቢርኻ ገና ሃሎ ሳትል።

"አለች። አለን።"

"በቃ ወደ አገራችን እንመለስ። ሰማሽኝ? በቃ!"

"ኋላ እናወራለን" አለችና ዘጋች።

ከቀትር በኋላ የመንደሩ ተጠሪ ሃማዳ መዝገብ ይዘው መጡ። ብቻቸውን መውጣት የማይችሉ ሰዎች ስም በአንድ ረድፍ፣ የሚያወጣቸው ሰው ስም ከጎን ተጽፏል።

"ኩሮኪ ሳን፣ ዘንድሮስ የማንን ስም ልጻፍ?"

"የማንንም አትጻፍ። በየዓመቱ ነግሬህ የለ?"

"ታዲያ ዛሬ ማን አወጣዎት? ንፋስ ነው?"

ዳንማያ ሁሉም ባይገባትም የኩሮኪ ሳንን ስም ሰማች፤ ሌሎቹ ስሞች ሁሉ ጎናቸው ሌላ ስም እንዳላቸው፣ የሃማዳ ጣት ያረፈበት ቦታ ግን ባዶ እንደሆነ አየች። አስሚ ጭኗ ላይ ተኝታለች። እዚያ ስሟን ከጻፈች በሚቀጥለው ጊዜ ከመሮጧ በፊት አንድ በር ማንኳኳት ይኖርባታል። ልጇን ምሰሶ አሳቅፋ የወረደችበት ቅጽበት ትዝ አላት።

እጇን ዘረጋች። ሃማዳ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጧት። በቅርቡ በተማረችው የጃፓን ፊደል፣ ከኩሮኪ ሳን ስም ጎን፣ ስሟን ጻፈች።