የማረን ጆሮ

ማረን ቶለፍሰን በኮሌጁ በቆየችባቸው ዓመታት ኖታ ፍለጋ ፒያኖ ነክታ አታውቅም። ጆሮዋ ያውቃል። የመመገቢያ አዳራሹ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ኖታውን በስሙ ትጠራዋለች፤ በረዶ የሚጠርገው መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ጩኸትም እንዲሁ። ሌሎቹ የሙዚቃ ተማሪዎች ሲመቱት ላ የተባለውን ኖታ ብቻ የሚያሰማውን ትንሽ የመቃኛ የብረት ሹካ በኪሳቸው ይዘው ሲዞሩ፣ እሷ ባዶ እጇን ትሄዳለች።

“ለማረን ሹካ ምን ያደርግላታል? ጭንቅላቷን በማንኪያ ብትመቱት ላ ይላል” ይል ነበር ኮርቢን፣ በመዘምራኑ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምረው ጓደኛዋ።

“ያንተን ቢመቱት ደግሞ የባዶ በርሜል ድምፅ ነው የሚሰማው” ትለዋለች።

የሙዚቃ ክፍሉ ደንብ ጥብቅ ነው። ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ኮንሰርቱን ከማቅረቡ በፊት መምህራኑ ሰምተው መፍቀድ አለባቸው። ያልተፈቀደለት በዚያ ዓመት አይመረቅም። ማረን ያለ መሣሪያ የሚዘመር የማታ መዝሙር ልትመራ ነበር። ዘማሪዎቹን በየመኝታ ክፍሉ እየዞረች በልመናና በፒዛ ነው ያሰባሰበቻቸው፤ ግማሾቹ የባዮሎጂና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ናቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መለማመጃ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። መሬት ላይ ስትንፈራገጥ ያገኛት ኮርቢን ነው። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ኪኒን ሰጣት። ኮርቢንን ለማንም እንዳይናገር አስማለችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ አልጥም አላት። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ድምፁ ከኖታው ወርዶ ተሰማት፤ በብርዱ ተበላሽቷል አለች። የመለማመጃ ክፍሎቹ ፒያኖዎች ወርደው ተሰሟት፤ ቃኚው ሰነፍ ነው ብላ አመለከተች። በልምምድ ላይ ቀጫጭኑን ድምፅ የሚዘምሩት ልጆች “ኧረ ማረን፣ ኮርኒሱን ልንነካ እኮ ነው!” ሲሏት፣ “እንቅልፋችሁን ሳትጠግቡ እየመጣችሁ ነው” ብላ ገሠጸቻቸው። ጆሮዋን መጠርጠር በሐሳቧም አልመጣ።

መምህራኑ በሚሰሙበት በማጣሪያው ቀን መምህሯ ፕሮፌሰር ስትራንድ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ከአዳራሹ ኋላ ተቀመጡ። ማረን ዘማሪዎቹን በዓይኗ ሰብስባ፣ ከንፈሯን ገጥማ በማንጎራጎር የመነሻውን ኖታ፣ ሬን፣ አሰማቻቸው። ጀመሩ። መሐሉ ድረስ መልካም ሄደ። መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ግን የሴቶቹ ድምፅ ተሰነጠቀ፤ አንዷ ጭራሽ አቆመች።

ፕሮፌሰር ስትራንድ እጃቸውን አነሡ።

“በምን ኖታ ነው ያስጀመርሻቸው?”

“በሬ።”

ወደ ፒያኖው ሄደው አንድ ቁልፍ ተጫኑ። “ይህስ?”

ማረን ፈገግ አለች። “እሱ ከሬ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ፒያኖው ወርዷል፣ ፕሮፌሰር። አመልክቼ ነበር እኮ።”

ፕሮፌሰሯ ከኮታቸው ኪስ የብረት ሹካቸውን አወጡ፤ ጉልበታቸው ላይ መትተው ወደ ጆሮዋ አስጠጉት።

“ከላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ...” አለችና ቃሏን ሳትጨርስ ሹካውን አየችው።

ፒያኖ ይወርዳል። ብረቱ ግን አይወርድም። ዘማሪዎቹን አየች፤ ሁሉም ወለሉን ያያሉ። በድንገት የገዛ እስትንፋሷ እንኳ የሌላ ሰው መሰላት። የኖታ ማስቀመጫውን ይዛ ቆመች።

ፕሮፌሰር ስትራንድ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አዲስ መድኃኒት ጀምረሻል?”

“እንዴት... እንዴት አወቁ?”

“ስሙን ንገሪኝ።”

ነገረቻቸው።

“ባለቤቴ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ይህንኑ ይወስድ ነበር፤ በራሱ እስኪያቆመው ድረስ።” ሹካውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። “ኪኒኑ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ድምፅን ሁሉ በግማሽ ዝቅ አድርጎ ያሰማል፤ ለዚህ ነው ሳታውቂው ከፍ አድርገሽ ያስጀመርሻቸው። ሐኪምሽን ዛሬውኑ አነጋግሪ። በራስሽ እንዳታቆሚው። ሰማሽኝ? ሙዚቃዬን መልሱልኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚው።”

ማረን ስለ ባለቤታቸው ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ፊታቸውን አይታ መልሳ ዘጋችው።

“ለመጪው ዓመት ብናስተላልፍላትስ?” አሉ ከኋላ አንዱ መምህር።

“አይ!” አለች ማረን፤ ጩኸቷ ራሷን አስደነገጣት። “እባክዎ አሁን ልድገመው። ኮርቢን፣ ኖታውን አንተ ስጠን።”

ኮርቢን አልቀለደም። ሄዶ በፒያኖው ሬን ተጫነ። ለጆሮዋ ስህተት ነበር። ዘማሪዎቹ ሲቀበሉት ስህተቱ አዳራሹን ሞላው፤ በየቀኑ የኖረችበት መዝሙር ቦታውን ለቆ ሄደባት። ጆሮዋ አቁሚያቸው፣ አቁሚያቸው ይላታል። ጥርሷን ነክሳ ትከሻቸውን፣ አፋቸውን፣ ትንፋሻቸውን እያየች መራች። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ሴቶቹ ሳይጨነቁ ወጡ፤ ይህን ያወቀችው ከፊታቸው ነው።

መምህራኑ ለአፍታ ተነጋገሩ። “ተፈቅዶልሻል” አሉ ፕሮፌሰር ስትራንድ። “በኮንሰርቱም ቀን ኖታውን ኮርቢን ይስጥ።”

ዘማሪዎቹ እልልታ በሚመስል ጩኸት ተንጫጩ። ማረን ግን የኮርቢንን እጅጌ ይዛ ወደ ጥግ ሳበችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

“እንዴት ነበር?”

“አንቺ አይደለሽ እንዴ የመራሽን?”

“የሰማሁት እናንተ የዘመራችሁትን አይደለም፣ ኮርቢን። እንዴት እንደነበር ንገረኝ።”