የአማቴ እጅ

ባሕሩ ሲሸሽ አለቱ ገበታ ነው፤ የቀደመ ይበላል። አማቴ ኖፉምዚሌ ደግሞ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ይቀድማሉ። እኔ ጥቁሩን ዛጎል በብረት እየፈለቀቅኩ ቅርጫቴን ስሞላ፣ እሳቸው ስምንት ክንድ ያለውን ኦክቶፐስ ካልያዙ ቤት መግባት አይሆንላቸውም።

«እዚህ ስንጥቅ ውስጥ አለ! ክንዴ ላይ ተጠመጠመ!» ብለው ሳቁ። ተንበርክከው ሲጎትቱት የላይኛው ድንጋይ ተንሸራቶ እጃቸው ላይ ተቀመጠ።

ብረቴን ከሥሩ ሰክቼ ታገልኩ፤ ተጣመመ። ውሃው እየተመለሰ ነበር፤ ወገባቸውን አልፎ ደረታቸውን ያዘ።

ወንዶቹ ከአለቱ ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዓሣ ያጠምዳሉ። የባሌ አባት ከመካከላቸው ናቸው፤ ዲጂኗቸው እግራቸው ሥር ተጋድሟል።

«አባባ! ድረሱልን!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልዞረም። እዚያ የቆመው ሁሉ የአንድ ሰው አባት ነው።

«በስማቸው ልጥራቸው» አልኩ።

«እንዳትሞክሪው! የፖንዶ ጎሣ ምራት የባሏን አባት ስም ታነሣለች? እኔ ሚስቱ እንኳ አንድ ቀን ከአፌ አልወጣም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይጥሯቸው!»

«ባለጌ! ብሞት ይሻለኛል።»

«መሞትዎ እኮ ነው እማዬ! ከመሞት መሰንበት!»

ማዕበሉ አፋቸውን መታው። አንገታቸውን ሰቅለው አየር ሲለምኑ አየሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። የሞቱት አያቶችም ይቆጡኝ አልኩና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

«ምዚማሲ!»

ጀርባው ሁሉ ዞረ። የባሌ አባት ዲጂኗቸውን አንሥተው ሮጡ። ሊያድኑን አልነበረም፤ ፊታቸው ይናገራል። እኔን ሊመቱ ነው የመጡት። የሚስታቸው አገጭ ብቻ ከውሃው በላይ መቅረቱን ሲያዩ ግን ንዴታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩት።

አመሻሽ ላይ አማቴ የቆሰለ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ እሳት ዳር ተቀመጡ። የባሌ አባት እኔን ሳያዩ ተናገሩ።

«ይህች ልጅ ነገ ወደ እናቷ ትሂድ። ስሜን በሰው ፊት ጠርታለች። የማስታረቂያ ፍየል ካልነዳች ደጄን አትረግጥም።»

እናቴ ቤት ፍየል ቀርቶ ዶሮ እንደሌለ ያውቃሉ። ባሌም ከጆሃንስበርግ ማዕድን ማውጫ አልተመለሰም፤ ማን ይሟገትልኛል? ብርድ ልብሴን እያለቀስኩ መጠቅለል ጀመርኩ።

አማቴ በደህናው እጃቸው ተመርኩዘው ተነሡ። ጨው ውሃው ድምፃቸውን አሻክሮታል።

«ምዚማሲ!» አሉ።

የባሌ አባት ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ፍየሉን ሁለት አድርገው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።»