የቀበሌው ዶቅዶቄ

«ነፍስ ይማር» አለ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ዘነበ፣ ሽጉጡን ከወገቡ ሳይፈታ የድንኳኑ አግዳሚ ላይ እየተቀመጠ። ንፍሮ የሚያዞረው የእድር ሰው ሳህኑን ይዞ ፊቱ ቆመ። ዘነበ ከስንዴው ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ጣል አደረገና ረጋ ብሎ ማላመጥ ጀመረ። አጠገቡ የነበሩት ለቀስተኞች ወደ አግዳሚው ጫፍ ሸሹ።

እንዳለች ከሴቶቹ መሐል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ወልደትንሣኤ፣ የልደታው የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ፣ ትናንት ነው የተቀበረው። ዓይኗ ደረቅ ነው። እሱ ከሞተ ጀምሮ አንዲት እንባ ጠብ አላለላትም፤ ሴቶቹም ይህን አይተው በልባቸው ይዘውባታል።

«እንዳለች» አላት ዘነበ።

ባሏ በሕይወት ሳለ «እትዬ እንዳለች» ነበር የሚላት። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«አቤት።»

«ዶቅዶቄዋ ጓሮ ናት አይደል?»

«እዚያው ናት። የፒስቶኑን ጥላሸት ልፋቅ ብሎ ፈታታት፤ ሳይገጥማት ታመመ።»

«እንግዲህ ነገ ሌላ መካኒክ ይዤ እመጣለሁ፣ እዚሁ ይገጥማታል። ድምፅዋንም ያጠፋልኛል።» አፉን በመዳፉ ጠረገ። «የከፍተኛው ጓዶች ሳቁብኝ። አሰሳ በወጣሁ ቁጥር አልጋው ሙቅ ነው፣ ሰውየው ግን የለም። ድምፅዋ ቀድሞኝ ይገባል። ከእንግዲህ እንደ ድመት ነው የምትሄድልኝ። እስከዚያ ከዕቃው ቤት አንድ ብሎን እንዳይነሳ። መጥቼ ራሴ እፈትሻለሁ።»

«እሺ።»

«በይ ያጽናሽ» ብሎ ወጣ።

እንዳለች ጎኗ የተቀመጠችውን የጎረቤቷን የዙሃራን እጅ ይዛ ነበር። ያ እጅ መዳፏ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ታወቃት።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዓመት ለቅሶም በፈቃድ ነበር። ልጇ «ፀረ አብዮት» ተብሎ መንገድ ላይ የተጣለባት እናት ጥቁር መልበስ፣ ፊት መንጨት፣ ድንኳን መትከል አይፈቀድላትም፤ ደፍራ ካለቀሰች እሷም ተወስዳ ትቀራለች። ወልደትንሣኤ ግን ጨጓራው ደምቶ አልጋ ላይ ነው የሞተው። ንጹሕ ሞት ስለሆነ ቀበሌው ድንኳኑን ፈቀደ። ይህ እንደተሰማ ከተክለ ሃይማኖት ማዶ ሳይቀር ሰው ጎረፈ። ወዶት አይደለም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰፈሩ ይጠላው ነበር። የመጡት በወልደትንሣኤ ስም የየራሳቸውን ሊያለቅሱ ነው። «ወልዴ ወልዴ» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ከንፈራቸው ውስጥ የሚመላለሰው የልጆቻቸው ስም ነበር።

ለምን ይጠሉት ነበር? በዚያች ዶቅዶቄ ምክንያት ነዋ።

ከአንድ ቱጃር ልጅ የተወረሰች ቁመታም ዶቅዶቄ ናት። ጎማዋ ጥርሳም፣ ጭቃና ዳገት የማይበግራት። ዘነበ የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሲሆን እሷን ወሰደና እየገፋ ወልደትንሣኤ ደጃፍ አደረሳት፤ ነዳጅ እንደ መኪና ዝም ብሎ ሞልቶባት ሞተሯ ነክሶ ቆሞ ነበር። ወልደትንሣኤ ተንበርክኮ እሳት የምትጭርባትን ካንዴላዋን ፈታ፣ ወደ ብርሃን አነሳ፣ አሸተተ።

«ጓድ፣ ይቺ ባለ ሁለት ምት ናት። ዘይቷን ለብቻ አትጠጣም፣ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚቀላቀልላት። ካልቀላቀሉላት አንድ ቀን ስትበር ጎማዋ ቀጥ ይልና እርስዎን አስፋልት ላይ ትጥልዎታለች።»

እንዳለች በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። «ምን አፍህን አስከፈተህ፣ ብትጥለውስ?» ብላ በልቧ ተሳደበች። ባሏ ግን ለዘነበ ዘይቱን አስለክቶ አሳየው፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ያያት ነበር። ካንዴላዋ የቡና መልክ ካላት ጤነኛ ናት፣ ከጠቆረች ዘይት በዝቶባታል፣ ከነጣች ደግሞ እየተቃጠለች ነው ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። የአየር ማጣሪያዋን በቤንዚን ያጥባል፣ ሰንሰለቷን ይቀባል። ጠጉሯን እንደሚያበጥርላት ልጅ ነበር የያዛት።

አንድ ቀን እንዳለች አልቻለችም። የዚያን ዕለት ከታች ሰፈር ሁለት ወንድማማቾች ተገድለው ነበር።

«እጅህን ታጠብ» አለችው እራት ስታቀርብ።

«ታጥቤያለሁ እኮ።»

«እንደገና ታጠብ። ደም ደም ይሸታል።»

ወልደትንሣኤ ቀና ብሎ አያት። ከአዲግራት የመጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ተነሳ፣ ጓሮ ወጣ፣ በላርጎ ሲፈትግ ቆይቶ ተመለሰና ዝም ብሎ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር የምትተኛው። ጨጓራውም ከዚያው ሰሞን ጀመረው።

አንድ ነገር ብቻ አይገባትም ነበር። የሌላ ሰው ሞተር ሲሆን ከጓሮ መነሳቱ እንኳ ሳይሰማ ይወጣል። የዘነበ ዶቅዶቄ ግን በተጠገነች ማግስት እንኳ ሰፈሩን ታናውጠዋለች። ሜክሲኮ አደባባይ ስትደርስ ልደታ ይሰማል። ዘነበም መጀመሪያ ላይ ጠይቆት ነበር።

«ምነው እንዲህ ትጮሃለች?»

«ጉልበቷ ነው፣ ጓድ። ጉልበት ያለው ይጮሃል።»

ዘነበ ደስ አለው። ሰው ድምፁን ሰምቶ ሲንቀጠቀጥ ማየት የማይወድ ኃላፊ በዚያ ዘመን አልነበረም። እንግዲህ አሁን ነው የነቃው።

ዘነበ ከወጣ በኋላ ቡና ተዞረ። ዙሃራ ሲኒዋን እንደያዘች ወደ እንዳለች ጆሮ ተጠጋች።

«እንዱዬ፣ የምነግርሽን ለራስሽም አትድገሚው።»

«ምንድነው?»

«ልጄ እዚሁ ቤት ነው የሚያድረው። ጅማ ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው።» ድምፅዋ ከእስትንፋስ አይበልጥም። «ያቺ የተረገመች ዶቅዶቄ ከታች ስትነሳ ይሰማዋል። እሷ ዳገቱን እስክትወጣ እሱ በአጥር ዘሎ ወንዝ ገብቷል። እሱ ብቻ አይደለም። ስንቱ እናት እሷን እየሰማ ነው ልጁን የሚቀሰቅሰው መሰለሽ? ድምፅዋ ከጠፋ ልጄን አልጋው ላይ ነው የሚያገኙት።»

እንዳለች ሲኒዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። የባሏ ዝምታ፣ ያ መፈተግ፣ ያ «ጉልበቷ ነው ጓድ» ማለቱ ሁሉ ባንዴ መጣባት። ውጭ ደርሼ ልምጣ ብላ ተነሳችና ጓሮ ወደ ዕቃው ቤት ገባች።

ዶቅዶቄዋ ሆዷ ተከፍቶ ቆማለች። እንዳለች የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፤ ወልደትንሣኤ በደጉ ጊዜ ከሌላ ሰው ሞተር አውጥቶ አሳይቷታል። «ይቺን ቱቦ አየሻት? ጭስ ማውጫው ውስጥ ነው የምትገባው፣ ድምፁን የምትውጠው እሷ ናት። ጥላሸት ስለሚዘጋት አልፎ አልፎ አውጥቶ መፋቅ ነው። ረስተሽ ሳትመልሻት ከቀረሽ አገር ታስነሳለች።» የጭስ ማውጫዋን አፍ በጣቷ ዳበሰች። ባዶ ነው። ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር ሥር እጇን ሰደደች። በገዛ ቀሚሷ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ቱቦዋ ናት። ስንት ወር የቆየች ብትሆንም ዝገት እንዳይነካት ዘይት ተቀብታለች።

አልነገራትም። የተገረፈ ሰው የማያወጣው ነገር የለም፤ ያላወቀች ሴት ግን ምን ታወጣለች? ለዚህ ነው ያልነገራት። እሷም «ደም ደም ይሸታል» አለችው። እንዳለች ጎማው ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባዋ ግን እምቢ አላት።

መላው ቀላል ነበር። ነገ መካኒኩ ሲጠይቅ «ሊያጸዳት አውጥቷት ነው፣ ይኸው» ብላ መስጠት። ማንም አይጠረጥርም፣ እሷም በሰላም ታድራለች። ብትደብቃት ግን፣ ከተገኘች፣ የሟች አሻጥር የሚወራረደው በእሷ ነው። ልስጣት ወይስ ልደብቃት የሚለውን ሳትቆርጥ በማግስቱ ጠዋት ቱቦዋን ሆዷ ላይ አጋድማ በመቀነቷ አሰረችና ጋቢ ደርባ ድንኳን ገባች።

ዘነበ እንዳለው መጣ። ከሁለት ጠበንጃ ያዦችና ከሞቱማ ጋር። ሞቱማ ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ወልደትንሣኤን ያውቀዋል፣ ቀብሩ ላይም አፈር መልሷል። ለእንዳለች ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ጠበንጃ ያዦቹ ዕቃ ቤቱን ገለባበጡ። የጎማው ክምር ሲናድ ድንኳኑ ውስጥ ተሰማ። እንዳለች ጋቢዋን አጥብቃ ሰበሰበች።

ዶቅዶቄዋን ግቢው መሐል፣ ከድንኳኑ አፍ ፊት ለፊት አወጧት። ሞቱማ ሲሊንደሩን ገጠመ፣ ካንዴላዋን አጠበቀ። ከዚያ ጭስ ማውጫውን ፈታና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ውስጡን አየ። ቆየ። እንደገና አየ።

«ምንድነው?» አለ ዘነበ።

«እዚህ ውስጥ... የጎደለ ነገር አለ።»

«ምን የጎደለ?»

ሞቱማ ወደ ድንኳኑ ዞረ። «እትዬ እንዳለች፣ ወልዴ እንዲህ ክንድ የምታክል ቱቦ አስቀምጦ አላዩም?»

እንዳለች ተነሳች። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። «ይኸው» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሷል። እጇ ወደ ጋቢዋ ሄደ። በዚያች ቅጽበት ዙሃራን አየቻት። ዙሃራ አትለምናትም፣ አትጠቅሳትምም። ዓይኗን ጨፍና ብቻ ትጠብቃለች።

«ወልዴ!» አለች እንዳለች።

ከዚያም ጮኸች። «ወልዴዋ! እጅህን ታጠብ ያልኩህ! እኔ ነኝ እጅህን ታጠብ ያልኩህ!»

የባለቤት ለቅሶ ሲነሳ የሚቀመጥ ለቀስተኛ የለም። ሴቶቹ እንዳንድ ሰው ብድግ አሉ። ስንት ወር ሙሉ ያፈኑትን፣ ትራስ ነክሰው የዋጡትን አወጡት። ግቢው ተናጋ። አባወራዎቹም እየተነሱ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ዘነበ «ይብቃ እንጂ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን በማን ላይ? ድንኳኑን የፈቀደው ራሱ ነው። ሰው ሁሉ እያየው ኮፍያውን አወለቀ።

እንዳለች እንደ ሴቶቹ ዘልላ ደረቷን መምታት አልቻለችም። መቀነቱ ላልቷል፣ ብረቷ ወደ ዳሌዋ እየተንሸራተተች ነው። ብትወድቅ ሲሚንቶው ላይ ነው የምትጮኸው። አንድ እጇን ጋቢው ሥር ሆዷ ላይ ተጭና በሌላው ብቻ ደረቷን ትደቃለች። «አንጀቷን ይዛ ነው የምታለቅሰው፣ ወይኔ!» አሉ ሴቶቹ።

ሞቱማ ግን መካኒክ ነው። ያችን እጅ አያት፣ ጋቢውን ከሥር የወጠረውንም ረጅም ነገር አየው። ከዚያ የሚጮኹትን እናቶች አንድ በአንድ ተመለከታቸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንተ!» አለው ዘነበ ጆሮው ላይ እየጮኸ። «ጎደለ ያልከው ምንድነው?»

ሞቱማ ብሎኑን አነሳ። ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠው።

«ምንም። የሌላ ሞዴል መስሎኝ ነው። ይቺ... ሲሠሯትም እንዲሁ ናት፣ ጓድ።»

«ድምፅዋስ?»

«አይጠፋም።»

ዘነበ ለረጅም ጊዜ አየው። ሞቱማ አንገቱን ሳያቀና ጭስ ማውጫውን አሰረ፣ ቤንዚንና ዘይቷን ቀላቅሎ ሞላና መነሻዋን ረገጠ። ዶቅዶቄዋ ስትፈነዳ የድንኳኑ ሸራ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ዘነበ እየተሳደበ ወጣባት፣ ሞቱማንም ከኋላው ጭኖ በረረ። የት እንደሚወስደው አልተናገረም። ጠበንጃ ያዦቹም በእግራቸው ተከትለው ወጡ። ድምፅዋ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲወርድ፣ ሲታጠፍ፣ እንደገና ዳገት ሲይዝ ከግቢው ሆኖ ይሰማ ነበር።

ሴቶቹ ቀስ በቀስ በረዱ። «በቃሽ እንግዲህ፣ በቃሽ» አሏት። እንዳለች ግን አልበቃትም። ከእንግዲህ በለቅሶ የሚሸፈን ነገር የለም፤ እንባው ነው አልቆም ያለው። ዙሃራ ፊቷን ልታጥባት ውሃ ይዛ መጣች፣ ደግፋ ልታስቀምጣትም ወገቧን አቀፈቻት። ክንዷ ብረቱ ላይ አረፈ።

ዙሃራ ባለችበት ቀረች። ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ አኖረችና ሁለት እጇን ጋቢው ሥር አስገብታ፣ የላላውን መቀነት ዙሪያውን ስባ ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት።