ዘይቱ ያልተንሳፈፈበት ጠርሙስ

ደንበኛዋ ጋሽ ዓለምብርሃን ስልኩን ስታነሳ ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሷትም።

«ሚካኤላ፣ ወተት አብልተሽኛል።»

«እኔ? በጾም?»

«ሆዴ ነው የነገረኝ። ከወተት ጋር ከተጣላ ስንት ዘመኑ! ካላመንሽ መጥተሽ ጠይቂው።»

ሳቋ ስልኩ ውስጥ ሳይገባ ዋጠችው። ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ሚካኤላ ውጭ አገር፣ ታከር በምትባል ከተማ ባለው አፓርትመንቷ፣ ሀዘልነት የሚባለውን ለውዝ ቆልታ፣ ከካካዎ፣ ከስኳርና ከዘይት ጋር ፈጭታ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ቸኮሌት ትሠራለች። የፋብሪካው ወተት አለበት፤ የሷ የለበትም። ሁዳዴ ሲገባ የቤተ ክርስቲያኗ እናቶች ለልጆቻችን ብለው ገዝተው ራሳቸው በማንኪያ የሚጨርሱት ለዚህ ነው። ክዳኑ ላይ «የጾም፣ በሚካኤላ» ይላል። ጋሽ ዓለምብርሃን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቃል ከተነፈሱ፣ ያ ስም አለቀለት።

«እስከ እሁድ ላጣራ» ብላ ለመነቻቸው።

«እስከ እሁድ» አሉና ዘጉት።

ጥርጣሬዋ ሩቅ አልሄደም። አብራት የምትኖረው ሲና ጂም ወዳድ ናት፤ ቸኮሌቱ የሚፈጭበት ብሌንደርም የሲና ነው።

«ያንን የወተት ፕሮቲን ሼክሽን ሠርተሽ ብሌንደሩን ሳታጥቢ አስቀምጠሻል?»

«ዋት? አጥቤዋለሁ!»

«በምን? በምኞት?»

«ላይክ፣ ሲሪየስሊ? አውሼሽ ደግሞ ወንጀለኛ ታደርጊኛለሽ?»

«ወንጀለኛ አላልኩም፤ ዝርክርክ ነሽ ነው ያልኩት።»

«ኦኬ። ከዛሬ ጀምሮ በጥርስሽ ፍጪው።» ሲና ብሌንደሩን አቅፋ መኝታ ቤቷ ገባችና ቆለፈች።

የሚካኤላ ልብ ግን አልረጋም። ካልታጠበ ብሌንደር የተረፈ ጠብታ የሰው ሆድ እንዲህ ያሳብዳል? ቸኮሌቷን ወደሚሸጥላት ወደ ጋሽ ነጋ ሱቅ ነዳች።

ዱሉዝ ከተማ ያለው የምትሠራበት መጋዘን ኦቨርታይም ስላበዛባት፣ ለሳምንታት አንድም ጠርሙስ አላመጣችም። መደርደሪያው ግን ጢም ብሎ ሞልቷል።

አንዱን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። የሷ ሲቀመጥ ዘይቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ደንበኛው ሁሉ የሚነጫነጭበት ነው። ይሄኛው እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ነው። ጠርሙሱ የሷ፣ ክዳኑ የሷ። ባዶውን ደንበኞች አጥበው ለጋሽ ነጋ እንደሚመልሱ ትዝ አላት።

«ጋሽ ነጋ፣ ይሄን ማን አመጣው?»

«አንቺ ነሻ!»

«መቼ?»

ጋሽ ነጋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ሰው ሲጠይቀኝ አለቀ ልበል? የፋብሪካውን ገለበጥኩበት። ቸኮሌት ቸኮሌት ነው።»

«ወተት አለበት እኮ!»

«ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ጦርነት ካካዎ ሲያስወድድ ጣሊያኖቹ ሀዘልነት ፈጭተው ቀላቀሉበት፣ ዓለም ሁሉ ወደደው አላልሽም? እኔም ሲጠፋ ቀላቀልኩ።»

ያን ታሪክ ማንም ሳያስተምራት አንብባ፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ስታወራው የኖረች ናት። አሁን ዞሮ ፊቷን በጥፊ መታት።

«ጣሊያኖቹ ሀዘልነት አለበት ብለው ሸጡ። እርስዎ በኔ ስም ደበቁት።»

«ዝም ብንል ማን ያውቃል? መደርደሪያው ያንቺው ነው።»

ስልኳን አውጥታ ጋሽ ዓለምብርሃን ጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። «እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ ከነገርኳቸው እንደርስዎ አላሳጥርም» አለች ወደ ጋሽ ነጋ ዞራ።

ጋሽ ነጋ እየተንተባተቡ ተናገሩ።

«ነጋ… በጾም?» አሉ ጋሽ ዓለምብርሃን። «እኔ ይቅር ብልህ እንኳ ሆዴ አይልህም።»

ጋሽ ነጋ ስልኩ እንደተዘጋ «ሌላ ሱቅ ፈልጊ» አሏት።

«ከነስሜ ነው የምሄደው» አለችና በጥፍሯ ክዳኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ ልጣ ወጣች።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በገዛችው አዲስ ብሌንደር የፈጨችውን መኪናዋ ኮፈን ላይ ደርድራ ሸጠች። ጋሽ ዓለምብርሃን ወሬውን ቀድመው አድርሰዋል። እናቶቹ እያንዳንዱን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንስተው፣ ዘይቱን ሳያዩ ቦርሳቸውን አይከፍቱም ነበር።

ማታ አንድ ጠርሙስ ሲና በር ላይ አኖረች። ሳታንኳኳ ወደ ክፍሏ ገባች።

ጠዋት ጠርሙሱ የለም። በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው።