የዓብዲሰላም አዛን

ሻምሶ የባሏን አዛን ስትሰማ ጭንቅ ይላት ጀመር። ዓብዲሰላም በመሐመድ ሞጌ ሰፈር መስጊድ ሙአዚን ነው። ዘንድሮ አስሙ ስለበረታበት አዛኑን ሳይጨርስ ትንፋሽ ያጥረዋል።

"አዛኑን ለሌላ ሰው ልለቅ ነው መሰለኝ" ሲላት፣ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ናስራ እንደነሱ ጅግጅጋ ያደገች ስለሆነች እንደ አገር ልጅ ተጫወቱ። ደረቱን አዳምጣ ስታበቃ "አፍንጫዎስ?" አለችው።

"እሱማ ሁሌም እንደታፈነ ነው። የመስጊዱን ምንጣፍ ሳራግፍ ደግሞ ማስነጠሱ አያድርስ ነው።"

"እርስዎ ነዎት የሚያራግፉት?"

"ከአዛን በፊት፣ ለአላህ ብዬ።"

"አፍንጫና ሳንባ እኮ አንድ የትንፋሽ መንገድ ናቸው። አቧራው አፍንጫዎን ሲያስቆጣው አስሙም አብሮ ይነሳል" አለችና የአፍንጫ መድኃኒት ጨመረችለት፤ ቀድሞ የሚወስደውን የደረቱንም እንዳያቋርጥ፣ ምንጣፍ ማራገፉንም እንዲተው አስጠነቀቀችው።

መድኃኒቱን ወዲያው ጀመረ። ምንጣፍ ማራገፉን መተው ግን አሻፈረኝ አለ።

"አዛኑስ ለአላህ አይደል?" አለችው ሻምሶ። በማግስቱ የማራገፉን ሥራ ለጎረቤቶቹ አስረከበ።

ከሳምንታት በኋላ ሻምሶ ልብስ ስታሰጣ የቀትሩ፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ድምፁ እንደ ድሮው የጠራ አልነበረም፤ ግን አልተቆረጠም። ሻምሶም እርጥቡን ልብስ እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።