የአባዬ ብቸኛ ፎቶ

ወንድሜ ልዑልቃል ስልኩን ይዞ ጀሞን ሲዞር የከረመው ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት ሊሸጥ ነው። ኮንዶሚኒየሙ፣ የታክሲ ሰልፉ፣ የሽንኩርት ክምሩ፣ ምኑ ቅጡ! «ፅጌ፣ ፈረንጅ እኮ ለመጽሔትም ለማስታወቂያም ፎቶ ይገዛል» ይለኛል። ፎቶ የሚልክበት ድረ ገጽ ግን አንዴ ደብዝዟል፣ አንዴ የሱቅ ስም ይታያል እያለ ይመልስበታል። እኔም ሥራ ፈት እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

አባዬ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ያን ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ሲስቅ ልዑሌ ቀጭ አድርጎ አነሳው። ፊቱ የሚታይ ሰው መፍቀዱን መፈረም አለበት ሲባልም «ሸጥከኝ በለኛ!» ብሎ ፈረመለት። ፎቶው አለፈ፤ ድረ ገጹ ለሽያጭ አወጣው። ልዑሌ በደስታ ዘለለ። ስልኩ ሞልቶ አላነሳ ሲለው ደግሞ የላካቸውን ፎቶዎች በሙሉ ከስልኩ አጠፋቸው። «እዚያ ተቀምጠው የለ፣ ምን ይሆናሉ?» አለኝ። የኔ ጅል!

ገዢ አልመጣም። በክረምቱ መውጫ አባዬ ታመመ ሳይባል ሞተብን።

ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛው ሲሰበሰብ እማዬ «ፎቶውን አሳጥባችሁ አምጡልኝ፣ ፊቱን እያየሁ ላልቅስ» አለች። የመታወቂያው ፎቶ ከመደብዘዙ የተነሳ ዓይንና አፍንጫው አይለይም። ያለን ያ የሳቀበት ብቻ ነው። ድረ ገጹ ላይ ደግሞ ያልገዛ ሰው እንዳይወስደው የድርጅቱ ስም ፊቱን አቋርጦ ተጽፎበታል። ልዑሌ ዋናውን መልሱልኝ ብሎ ጻፈ፣ መልስ የለም። እንግዛው ብንል የኛ ባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም። አይ አበሳ! የአባዬን ፎቶ ልግዛ ያለ የመጀመሪያው ሰው እኛ ሆንን፤ ለኛም አልተሸጠም። ልዑሌን ላንቀው ፈልጌ ነበር። ጥግ ይዞ ሲያለቅስ ሳየው ግን ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቀብሩ ደረሰ። ምን እናድርግ፣ ከነጽሑፉ እንዳለ አሳጥበን ፍሬም አስገባነው።

እማዬ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ የአባዬን ፊት ያቋረጠውን ጽሑፍ ፈተገችው፤ ደግማ ፈተገችው።

«ልዑሌ» አለችው ቀና ብላ፣ «አልለቅ አለኝ። እስቲ አንተ ሞክረው።»